የሩፋኤል ባዶ ግድግዳ

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እናቴ ቤት ለገበታ እጄን ስታጠብ ስልኬ ጮኸ። ሳጅን ጋሩማ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ቡርቃ ሩፋኤል ሥዕል ተሰርቋል። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል፤ ቶሎ ካልመጡ ነገሩ አያምርም።»

እናቴ «ፖሊስ የወለደ ሰው ዶሮውን ብቻውን ይበላል» አለችና ሰሃኔን ከደነችው። እውነቷን ነው።

ቡርቃ ሩፋኤል ከነቀምቴ ወደ ዲጋ መውጫ ኮረብታ ላይ፣ በጽድና በዝግባ የተከበበ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉልላቱን ከመንገድ አየዋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። ያደግኩበት ጸሎት ቤት ግድግዳው ነጭ ቀለም ነው፤ ጌጡም አንድ የእንጨት መስቀል። እንግዲህ ይህን ጉዳይ መርምሪ የተባልኩት እኔ ኬኔ ነኝ፤ ሌላው መርማሪ በዓሉን ሊውል አገሩ ገብቷል። ምን ይደረግ።

በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። እማማ ዓባይነሽ የሚባሉ ሴትዮ ጥቁር ሰማያዊ ዩኒፎርሜን ከላይ እስከ ታች አዩና የራሳቸውን ነጠላ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲበተን ልሳለመው ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ። ግድግዳው ባዶ ነው ልጄ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላውቅም።»

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አባ ሞሲሳ ይባላሉ። አፋቸው ደርቋል። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብለውኝ መልሴን እንኳን ሳይሰሙ ወደ ውስጥ መሩኝ።

ገብቼ ቆምኩ። እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ነው የቆምኩት። ቤቱ ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ አለ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ክፍል። «ውጭኛው ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃለኛው መቅደስ» አሉኝ አባ ሞሲሳ በእጃቸው እያሳዩ። የመቅደሱ አራት ግድግዳዎች በውጭ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል ለብሰዋል። የዛሬ ስንት ዘመን ሠዓሊዎች ከጎጃም መጥተው በሸራ ላይ ስለው የለጠፉት ነው። ሰማዕታት በፈረስ ይጋልባሉ፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት የተቀረጹትን የዋንዛ በሮች ከግራና ከቀኝ ይጠብቃሉ። ዓምዶቹ ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ጣሪያው በጥበብ የተሸመነ ቀርከሃ ሲሆን፣ በየወራጁ ላይ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ወደ ታች ያያሉ። የትም ብቆም አንዱ ዐይን አይለቀኝም። ለምርመራ የሚመች ቤት አይደለም።

በደቡብ በኩል፣ ሴቶች በሚቆሙበት፣ አዲስ ነጭ መጋረጃ ተገልጧል። ከኋላው ከቁመቴ የሚበልጥ ባዶ ግድግዳ አለ። ዳር ዳሩን በስለት ተቆርጧል፤ የሸራ ክር ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ኖራው ተላልጧል።

«ቅዱስ ሩፋኤል እዚህ ነበር» አሉ አባ ሞሲሳ። «ዓሣ አንበሪውን በጦር ሲወጋው። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሥር ባሕሩ፣ መሃል ላይ ምጥ የያዛት ሴት። በዚህ አገር ማሕፀኗ የተዘጋ ሁሉ የምታለቅሰው እዚህ ነው። እናቴም እኔን ያገኘችው እዚህ አልቅሳ ነው።»

«ማን ይህን ይነካል?» አልኩ።

ጋሩማ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «የነካው ተይዟል ኢንስፔክተር። ዮሚፍ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለበዓሉ መብራት ሲዘረጋ ብቻውን ነበር። የዕቃ ቦርሳውን እዚሁ ጥሎት ሄዶ፣ ከፍተን ብናየው ከሥሩ የሸራ ቅዳጅ አገኘን፤ ቀለም ያለበት። ወጣቶቹ ከሱቁ ጎትተው አውጥተው ሊገድሉት ነበር፤ በመከራ ነው ያስጣልነው።»

ቅዳጁን ከግድግዳው ዳር ጋር አስተያየሁት። ገጠመ።

*

ዮሚፍ ከንፈሩ አብጧል፤ የሸሚዙ አንድ እጅጌ የለም። ሆኖም ስገባ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ። ሥዕሉ የት ነው?»

«አላየሁትም። መጋረጃውን አልነካሁም። መብራት ነው የዘረጋሁት።»

«ከቅዳሜ በፊት እዚያ ገብተህ ታውቃለህ?»

«በጭራሽ። ሳምንቱን ሙሉ አርጆ ነበርኩ፤ አንድ ወፍጮ ቤት መስመር ስዘረጋ። ቅዳሜ ጠዋት ነው ነቀምቴ የገባሁት፤ ባለቤቱን ጠይቁት።»

«ማን ጠራህ?»

እዚህ ላይ፣ በዚያ ከንፈሩ፣ ፈገግ አለ። «አማቼ ናቸዋ። ቄስ አሳምነው። ሐሴትን ካገባሁ ጀምሮ ዐይንህን ለአፈር ብለውኝ ነበር፤ እሷ የካህን ልጅ፣ እኔ ጴንጤ። ዓርብ ደወሉልኝ። ‹ና መብራቱን ሥራልን፤ በዓሉንም አብረን እንውላለን› አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም አልኳቸው። ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝ። ቤት ገብቼ ለሐሴት ‹አባባ ታረቁኝ› ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እና እሳቸው በሳሙኝ ቀን ልሰርቃቸው?»

«ሸራው ቦርሳህ ውስጥ እንዴት ገባ?»

«እኔ እንጃ» አለና ፈገግታው ጠፋ።

ስንቱ ሌባ እንዲህ አልቅሶልኛል። ልቤን ዘግቼ ወጣሁ። አዛዣችን ኮማንደሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ኬኔ፣ ጴንጤው የኦርቶዶክሱን መልአክ ሰረቀ ተብሎ ከተማው እየፈላ ነው። ዓርብ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሌላ ሰው ካለሽ እስከዚያ አምጪ፤ ከሌለሽ እሱ ነው።»

በር ላይ ሐሴት ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። ቀጠን ያለች፣ ዐይኗ ያበጠ። «እህቴ፣ እንቺ ስጪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ከተፈረደበት እኔ የት ነው የምገባው? የአባቴ ሰፈር የሌባ ሚስት ይለኛል። የሱ ሰፈር ወገኖችሽ አስበሉት ይለኛል። እሱ የሰው ክር አይነካም። እባክሽ በደንብ እዪው።»

በደንብ አየዋለሁ አልኳት። ምን ልበላት ሌላ።

*

ቄስ አሳምነው ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ አባታቸው ከጎጃም መጥተው ወለጋ የቀሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ አልባሳትና መጋረጃ በሳቸው እጅ ነው። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን አወጋን።

«በሰሙነ ሕማማት ሥዕሉ ሁሉ ጥቁር ይለብሳል» አሉኝ። «ሆሳዕና ማታ እሰቅላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት አወርድና ነጩን እተካለሁ። ስተካ ሩፋኤል በቦታው ነበር። ዐይኔ ነው ያየው።»

«ብቻዎን ነው የሚሠሩት?»

«ብቻዬን፤ ስንት ዓመቴ። ከኔ በኋላ የገባ እሱ ነው።» እንባቸው ሞላ። «እኔ ነኝ የጠራሁት። ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ። ሰው ምን ይለኛል? እሱ ግን ይቅር ይበለው፤ እኔ ይቅር ብየዋለሁ።»

አመንኳቸው። በፋሲካ የሚያለቅስ ካህን የማያምን መርማሪ ካለ እሱ ይምጣና ይሥራ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ዘበኛው አቶ ታረቀኝ ቅዳሜ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም፤ ዮሚፍ የወጣው ባዶ እጁን ነው ይላሉ። የሰው ቁመት የሚያህል ሸራ ኪስ አይገባም። በአጥር እንዳይወረወር ሰዉ በግቢው ዙሪያ ሞልቶ ነበር። ጋሩማና ፖሊሶቹ ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ደወል ቤቱን፣ መቃብሩን ሳይቀር ፈተሹ። የለም።

«መቅደሱስ?» አልኩት።

«እዚያማ ካህንና ዲያቆን እንጂ ሰው አይገባም» አለ ጋሩማ ደንግጦ። እሱ ኦርቶዶክስ ነው።

*

እማማ ዓባይነሽ በጾሙ መሃል አንድ ነጋዴ መጥቶ የሩፋኤልን ሥዕል በዐይኑ ሲለካ እንዳዩት ነገሩኝ። ፈይሳ ይባላል፤ ሲሬ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ማግስቱን በጠዋት ሲሬ ወረድን። ሱቁ ውስጥ የቀንድ ዋንጫ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ የብር መስቀል ተደርድሯል። ይሄ ነው አልኩ።

«ጠይቄያለሁ» አለ ፈይሳ ሳይደብቅ። «መጠየቅ መቼ ነው የተከለከለው?»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

እጁን ዘረጋልኝ፤ የመርፌው ቦታ ገና ጥቁር ነው። «ታይፎይድ ጥሎኝ፤ ከረቡዕ እስከ ፋሲካ ጤና ጣቢያ ነው የተኛሁት። ሲስተር ኑሪያን ጠይቂያት።»

ጠየቅናት። ግሉኮስ ያደረግኩለት እኔ ነኝ አለች፤ ከአልጋ ለመነሳት ሰው ይደግፈው ነበር። ጋሩማ ተስፋው ተሟጦ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ግን ብስጭቴን ፈይሳ ላይ ልወጣው ተመለስኩ።

«እስቲ አንተ ብትሆን እንዴት ታወጣው ነበር?»

ሳቀ። «ያሰራችሁት ኤሌክትሪሺያን በአንድ ከሰዓት አያወጣውም፤ እኔም አላወጣውም። ሸራው በሙጫ ነው ኖራው ላይ የተጣበቀው። ከተቸኮለ እንደ አሮጌ ወረቀት ይበጣጠሳል። እርጥብ ጨርቅ እያስያዙ፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ ነው። ተበጣጥሷል እንዴ?»

«አልተበጣጠሰም። ግድግዳው ላይ የቀረው ዳር ዳሩ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ጊዜ የነበረው ሰው ነው የወሰደው» አለ።

እስከ ነቀምቴ ድረስ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። ዮሚፍ ጊዜ አልነበረውም። ግን ቄስ አሳምነው ሥዕሉን ቅዳሜ ጠዋት በዐይኔ አየሁት ብለዋል። አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ማሰብ ጨነቀኝ።

*

ሐሙስ ዕለት ሌላ መላ ሳጣ ያንኑ ግድግዳ ለማየት ብቻ ተመለስኩ። አባ ሞሲሳ ከፈቱልኝ። ማንም የለም፤ ከላይ በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ፈረሶቹ ላይ ያርፋል። ከባዶው ግድግዳ ጥግ ያለውን የሸራ ክር ጎንበስ ብዬ ሳይ ሚዛኔን ሳትኩና በክርኔ ተደገፍኩ።

ቀና ስል እጅጌዬ ነጭ ሆኗል። አራገፍኩት፤ አይለቅም። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ኖራ ሲያስጠላ። ራሴ ላይ የጣልኩት የእማማ ዓባይነሽ ነጠላ ግን ግድግዳውን ነክቶ ምንም አልታየበትም።

እጅጌዬን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ።

«አባ» አልኩ። «በሕማማቱ እዚህ የተሰቀለው ጥቁር መጋረጃ የት ነው?»

«ዕቃ ቤት ነዋ። ገና አልታጠበም።»

«ለምን አልታጠበም?»

«የተባረከ ልብስ እኮ ነው ልጄ። ከቅጥሩ አይወጣም፤ በተራ ቀንም አይታጠብም። ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ካህን ያጥበዋል፤ እጣቢውም እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈሳል። እዚህ ደብር ሥርዓቱ ይኸው ነው።»

«ላየው እችላለሁ?»

«ታዪዋለሽ። ይዘሽው ግን አትወጪም።»

«ቶሌ» አልኳቸው፤ እሺ እዚሁ ይሁን።

ተጣጥፈው የተቀመጡትን ጥቁር መጋረጃዎች አምጥተው ቅድስቱ ወለል ላይ አንድ በአንድ ዘረጉልኝ። የጊዮርጊሱ ንጹህ ነው። የሚካኤሉ ንጹህ ነው። የሩፋኤሉን ከላይ ሲዘረጉት ንጹህ መሰለ። «ይገልብጡት» አልኩ።

ገለበጡት። ወደ ግድግዳው ይዞር የነበረው ፊት ነጭ በነጭ ነው። በዘፈቀደ የቦነነም አይደለም። በሰው ግንባር ከፍታ ላይ ክብ ክብ ምልክት በምልክት ላይ ተደራርቧል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የመዳፍ አሻራ፤ ከሥር ጉልበት የነካው።

አባ ሞሲሳ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጣታቸውን አስነኩትና አዩት።

«ስቅለት ዕለት ሴቶቹ...» ብለው መጨረስ አቃታቸው።

«ግንባራቸውን አስደግፈው ሲያለቅሱ ዋሉ» አልኩላቸው። «ከመጋረጃው ኋላ ግን ሥዕል አልነበረም። ኖራ ነበር።»

«ሥዕሉ ከቅዳሜ በፊት ወጥቷል ማለት ነው።»

«ዮሚፍ አርጆ እያለ። ባለ ወፍጮውን ጠይቀናል፤ እውነት ነው። ጥቁሩን ብቻውን ያወረደው ሰው ደግሞ ሥዕሉን አይቻለሁ ብሎኛል።»

ስሙን አልጠራሁም። እሳቸውም አልጠሩትም። የጣታቸውን ኖራ እያሹ «እንዲህ ያለ ሞኝነት። አጥቦ አይጨርሰውም ነበር?» አሉ።

«ራስዎ ነገሩኝ እኮ። ያለ ቀኑ አይታጠብም፤ ከቅጥሩ አይወጣም። መጋረጃውን እንኳን ከቅጥር ለማውጣት የፈራ ሰው ሥዕሉን ያወጣል?»

ዐይናችን አንድ ላይ ወደ መቅደሱ ዞረ። ከባድ መጋረጃ፣ የተቀረጸ የዋንዛ በር፣ ግራና ቀኙ ላይ ሰይፍ የመዘዙት መላእክት። ፖሊስ ያልነካው ቦታ ይኼ ብቻ ነው።

«አባ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ ደግሞም ጴንጤ። ከዚህ አላልፍም። ጋሩማም፣ ኮማንደሩም አያልፉም። ያስቀመጠው ሰው ይህን ያውቃል። እርስዎ ይግቡልኝ።»

«የእግዚአብሔርን ማደሪያ ለፖሊስ ልፈትሽ?»

«ነገ ዓርብ ነው። ልጁ ነገ ዓቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል።»

አማተቡና መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ባይኖርስ? ካህን በሐሰት የወነጀለች ጴንጤ ፖሊስ ብለው ነቀምቴ ላይ ያኖሩኛል? አንድ ሳጥን ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ የጨርቅ ድምፅ።

አባ ሞሲሳ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ከአሮጌው ልብሰ ተክህኖ ሳጥን ሥር ነው» አሉ። «አንድ ጥግ አልተቀደደም። በስንት ጥንቃቄ...»

*

ቄስ አሳምነው የተዘረጋውን ጥቁር መጋረጃ ሲያዩ አልካዱም። ከዓምዱ ሥር ቁጭ አሉ።

«ለመሸጥ አልነበረም» አሉኝ። «ሌባ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ቅዳጁን ቦርሳው ውስጥ የከተቱት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። ራት ሊበላ ወጥቶ።»

«መጋረጃውን ለምን አላቃጠሉትም?»

ቀና ብለው በመገረም አዩኝ። «የተባረከ ልብስ እንዴት ይቃጠላል?»

ይህን ጊዜ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። «ጨርቁ አይቃጠልም፤ የልጅዎ ባል ግን ይቃጠል?»

«ልጄን ወሰደብኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሰባት ትውልድ ካህን ነን። ገበያ ስወጣ የጴንጤ አማች ይሉኛል። ሽማግሌ ላክሁ፣ ለመንኩ፣ ገዘትኩ፤ አልተወችውም። ሌባ ሲሆን ትተወዋለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች አልኩ። ከዚያ ሥዕሉን ተገኘ ብዬ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ሩፋኤልን አልበደልኩም።»

«ሰዉ ሊገድለው ነበር እኮ አባ።»

«እሱን አላሰብኩም» አሉ። ይህስ እውነታቸውን ይመስለኛል።

ሰው እንዳያይ በጓሮ በር አወጣናቸው። እጃቸውን በካቴና ማሰር ነበረብኝ፤ አላሰርኩም።

*

ጣቢያ ስንደርስ ሐሴት እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ናት። አባቷ ከፖሊስ መኪና ሲወርዱ አየች። «አባባ?» አለች። አንገታቸውን ደፉ። እኔን አየችኝ፤ ፊቴን አነበበች መሰለኝ፣ ምሳ ዕቃውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ቄስ አሳምነውን ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ኮማንደሩ ጋ ገባሁ። ሲሰማ ብዙ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ የዮሚፍን መፈቻ ፈረመልኝ። ወጥቼ ነገሩን ለዮሚፍ ሳልነግረው ጋሩማ ልጁን ከማረፊያ ክፍሉ ይዞት መጣ። ጨለማ የለመደ ዐይኑን እያርገበገበ ኮሪደሩን አየና አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሰው ለያቸው። ፊቱ በራ።

«አባባ፣ መጡ? ሊዋሱኝ ነው የመጡት?»

ሮጦ ጉልበታቸው ላይ ወደቀና ሳመው። ቄስ አሳምነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሩማ ጫማውን ያያል። ዮሚፍ ጉልበታቸውን እንደያዘ ቀና ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

«ምነው ኢንስፔክተር» አለኝ፤ «አጠፋሁ?»

ሐሴት ከበሩ መጣች። ባሏን በክንዱ ይዛ ከአባቷ ጉልበት ላይ አስነሳችው።